የጋሼ ይጠይቁ ጠረጴዛ

የመዝገብ ስሙን የሚያውቁት የሰው ኃይል ክፍሉና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ለቀረው ዩኒቨርሲቲ እሱ «ጋሼ ይጠይቁ» ነው። ስሙን ያወጣለት ጠረጴዛው ላይ የቆመው ሰሌዳ ነው፤ በነጭ ላይ በሰማያዊ ቀለም «እዚህ ይጠይቁ» ይላል። ከዓመታት በፊት አንድ አዲስ ገቢ ተማሪ ሰሌዳውን ገረፍ አድርጎ አየና፣ ትልቅን ሰው በስሙ መጥራት ጨዋነት መስሎት፣ «ጋሼ ይጠይቁ፣ ሽንት ቤት በየት በኩል ነው?» አለው። ወረፋ ላይ የነበሩት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ባለስሙ አልተቀየመም። ወላጆቹ ስም ሲያወጡለት ታላቅ ሰው ይወጣዋል ብለው ነበር፤ ይኼኛው ስም ቢያንስ አጉል ተስፋ የለውም።

ጠረጴዛው የቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ አዳራሽ መሀል ላይ ነው። የፊቱ ልባጥ ጥግ ጥጉ ላይ ተላቅቋል፤ መሳቢያው ትንሽ ቀና ካላደረጉት አይከፈትም። ሁለት ወንበር አለው፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የጠያቂ። አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ተቀምጧል፤ ወይም እሱ እንደዚያ ያምን ነበር።

ሥራውን ለዘመድ ማስረዳት አንድም ቀን ተሳክቶለት አያውቅም።

«መጽሐፍ ታውሳለህ ማለት ነው?» ትለዋለች አማቱ።

«አይ እማማ፣ እሱ ውሰት ክፍል ነው።»

«ታዲያ ታነባለህ?»

«ለማንበብ እንኳ ጊዜ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ ልጄ?»

«ሰው የሚፈልገው ነገር ሲጠፋበት እንዲያገኝ እረዳለሁ።»

አማቱ አንገቷን ነቅንቃ ሚስቱን አየቻት። «ጠዋት ጠዋት ካልሲውን የምትፈልጊለት እሱን አይደለም እንዴ?»

ሥራውን ያስተማረችው ከእሱ በፊት ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሴት ናት፤ እትዬ ካርድ ይሏት ነበር። ያኔ ካታሎጉ በወረቀት ካርድ ነበር፤ ግድግዳውን ሙሉ የያዙት ትንንሽ መሳቢያዎች በጣቷ ሲሳቡ የሚያሰሙት ድምፅ ዛሬም አንዳንድ ቀን፣ አዳራሹ ጭር ሲል፣ ጆሮው ላይ ይመጣበታል። ኮምፒውተር ሲገባ ካርዶቹ በጆንያ ተሞልተው ተወሰዱ፤ በጀርባቸው ላይ የስልክ መልእክት ሲጻፍባቸው ከረሙ። አንድ ቀን እሱም ከጥበቃ ክፍል «ሚስትህ ደውላለች» የሚል ወረቀት ደረሰው፤ ገልብጦ ቢያየው የእትዬ ካርድ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ደቃቅና ቀጥ ያለ። ካርዱን መሳቢያው ውስጥ አኖረው። ለሚስቱ መደወሉንም ረሳ፤ ለዚህም በጊዜው የሚገባውን አገኘ።

እትዬ ካርድ የመጀመሪያ ቀን ያለችው ይኼ ነበር፦ «ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅህ የሚፈልገውን አይደለም። ይፈቀድልኛል ብሎ ያሰበውን ነው። ስለዚህ አትቸኩል፤ ለምን እንደፈለገው በዘዴ ጠይቀው።» ሌላ ያስተማረችው ነገር ቢኖር ወረቀቱን ነው። ጠረጴዛው ላይ በየቀኑ አንድ ወረቀት ይቀመጣል፤ ሁለት ዓምድ አለው። አንዱ «አቅጣጫ» ይባላል፤ ሽንት ቤት፣ ቻርጀር መሰኪያ፣ የንባብ አዳራሽ የት ነው ለሚል ሁሉ አንድ ጭረት። ሁለተኛው «ማጣቀሻ» ነው፤ እውነተኛ ፍለጋ ለሚጠይቅ። በወሩ መጨረሻ ተደምሮ ወደ ላይ ይላካል። ላይ ማን እንደሚያነበው ጠይቆ አያውቅም። ጠያቂ ነው እንጂ ጠርጣሪ አይደለም።

ማን እንደሚያነበው ያወቀው ዳይሬክተሯ ያስጠራችው ቀን ነው።

ዳይሬክተሯ የእሱ ተማሪ ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች እሱ ጎን ስድስት ወር ተቀምጣ ሥራ የለመደችው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ አላት፤ ግን እሱ ሲገባ ዛሬም ከወንበሯ ትነሳለች። ያን ቀን ተነስታ ብቻ አልቀረችም፤ በሩንም ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ እስቲ።»

እንዲህ በለሆሳስ ቁጭ በል የሚባል ሰው መርዶ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ተቀመጠ።

«የጠረጴዛውን ነገር የሚያይ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ይነሣ የሚል ሐሳብ አለ።»

«የት ይሂድ?»

«ጋሼ፣ ጠረጴዛው የትም አይሄድም። ይቀራል ነው።» ፊቷ ያለውን ወረቀት ወደ እሱ አዞረችው። «ባለፈው ዓመት የአቅጣጫ ጥያቄ፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት። የማጣቀሻ ጥያቄ፣ ሠላሳ አንድ።»

«በወር?»

«በዓመት።»

«ማን ነው ይኼን የጻፈው?» አለ ቆጣ ብሎ።

ዳይሬክተሯ ዓይኗን ሰበር አደረገች። «እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። የእርስዎ ጭረት ነው።»

አየው። የእሱ ነው። አምስተኛዋን ጭረት በአግድም የሚያሳልፍባት ነገር ሳትቀር።

ኮሚቴው የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። ጠረጴዛው ከተነሣ እሱ ከመሬት በታች ወዳለው መጋዘን ወርዶ የቆዩ መጽሔቶችን በዓመተ ምሕረት ሲደረድር ጡረታውን ይጠብቃል። ስድስት ዓመት ይቀረዋል። መጋዘኑ መጥፎ ቦታ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ችግሩ፣ እዚያ የሚጠይቀው ሰው አይኖርም። ከመጽሔት ጋር ደግሞ ጨዋታ አይያዝም።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ የሒሳብ መምህር ናት፤ ከማዘኗ በፊት አካፈለች።

«ሠላሳ አንድ በዓመት ማለት በስምንት የሥራ ቀን አንድ ጥያቄ ነው።»

«እ።»

«ሰባቱን ቀን ምን ስትሠራ ትውላለህ?»

«እኔ እንጃ።»

«አንተ ሰው፣ ሁልጊዜ እግሬን፣ ጉሮሮዬን እያልክ የምትገባው ሽንት ቤት ስታሳይ ውለህ ነው?» አለችና ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ፊቱን አየችና እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። «እሺ፣ ይቅር። ግን ቁጥሩ ትክክል አይመስለኝም። የሆነ ቦታ የረሳኸው ነገር አለ።»

እሱም ሲያስበው ነገሩ ግራ ገባው። እውነትም ይደክመዋል። በምን? ምናልባት፣ አለ ለራሱ፣ ሰው በመቀመጥም ይደክማል። ምናልባት እነዚህን ዓመታት ሁሉ አስፈላጊው እኔ ሳልሆን ሰሌዳው ነበር። ሰሌዳው ላይ ወደ ሽንት ቤት የምታመለክት ቀስት ቢጨመርበት ኖሮ ይኼኔ እኔ ሌላ ሥራ ተምሬ ነበር።

በማግስቱ ጉዱን ያወጣችው ባለማህተሟ ናት። ባለማህተሟ ከእሱ ፊት ለፊት፣ ከአዳራሹ ማዶ፣ የውሰት መስኮት ላይ ትሠራለች፤ በዕድሜ እኩያው ናት፤ ሰባት የሚያህሉ ማህተሞች አሏት፤ ስትናደድ ሰው ሁሉ ምን ላይ እንደምትመታቸው አይቶ ይርቃል።

«ሠላሳ አንድ? ቀልድ ነው? እስቲ ዛሬ እኔ ልቁጠርልህ» አለችው።

ጠዋቱን እንደ ወትሮው ዋለ። ሽንት ቤት፤ አንድ ጭረት። የኢንተርኔት የይለፍ ቃል፤ አንድ ጭረት። ረፋድ ላይ አንዲት ተማሪ መጥታ የጠያቂው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ለመሮጥ የተዘጋጀች ትመስላለች።

«ስለ ውሃ መጽሐፍ አለ?»

«ስለ ውሃ ምን?»

«እንዲሁ። ስለ ውሃ በአጠቃላይ።»

«በአጠቃላይ ውሃ የሚፈለገው ሲጠማ ነው» አላት። ፈገግ አለች። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«የመመረቂያ ጽሑፍ።»

«እና?»

ቦርሳዋን ጨመቀችው። «አማካሪዬ “የቀደሙ ጥናቶችን ዳስሰሽ ነይ” አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። እኔ ደግሞ...» ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው አለመኖሩን አየች። «መዳሰስ ማለት ምን ማድረግ እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሚመስለኝ ማንንም አልጠየቅኩም።»

«ተነሺ» አላት።

ወደ ኮምፒውተሮቹ ወሰዳት። አንድ ጥሩ ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈለግ አሳያት፤ ከዚያ የጽሑፉን መጨረሻ ገለጠና እዚያ የተዘረዘሩትን ምንጮች አሳያት። «ይኼ ሰውዬ ከእሱ በፊት የጻፉትን ሁሉ ጠርቶልሻል። እነሱ ደግሞ ከእነሱ በፊት የነበሩትን ጠርተዋል። ወደ ኋላ ተከተያቸው። ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ ማን ማንን እንደሚያኮርፍ ጻፊ። መዳሰስ ይኼው ነው፤ የዘመድ ጠብ እንደ ማጣራት በይው።» ልጅቷ ሳቀች፤ መጻፍ ጀመረች። ሁለት ጊዜ ላይኛው ፎቅ ወጡ፤ አንድ ጊዜ መጋዘን ወረዱ። ሲመለስ ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል፤ እግሩ ዝሏል፤ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ ፊት ያበራል። ቁጭ አለ። ወዲያው አንዱ መጣና «ሽንት ቤት...» ብሎ ሳይጨርስ ቀኝ እጁ ጭረቷን አሳርፎ ግራ እጁ ኮሪደሩን አመለከተ።

ማታ ሊወጡ ሲሉ ባለማህተሟ ወረቀቷን ይዛ አዳራሹን አቋርጣ መጣች።

«የአንተን አምጣ።»

ሰጣት። አቅጣጫ ዐሥራ ስድስት። ማጣቀሻ፣ ባዶ።

«የእኔ ዘጠኝ ይላል፤ ማጣቀሻውን ብቻ። የውሃዋ ልጅ፣ የሕግ መምህሩ፣ ያ መነጽር ያለው፣ አሁን ስማቸውን አልዘርዝርልህ። አሁን ስማኝ፣ አንተ ሰው። ሽንት ቤት ሲሉህ ተቀምጠህ ነው የምትመልሰው፤ ወረቀቱ እጅህ ሥር ነው፤ ትጭራለህ። ቁም ነገር ሲጠይቁህ ግን እንደተነደፈ ሰው ብድግ ትላለህ። ከዚያ በቃ፣ የለህም። ስትመለስ በደስታ ሰክረህ ነው የምትመለሰው፤ ወረቀት የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም።»

«ሁልጊዜ?»

«እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ። የአንተን ወንበር ጀርባ ከአንተ የበለጠ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ጋሼ ይጠይቁ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አሥራ ስምንት ዓመት። በየወሩ፣ ሳያሳልፍ፣ ምንም አልሠራሁም የሚል ማስረጃ በገዛ እጁ ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ወደ ላይ ልኳል። ጠላት ቢኖረው እንኳ ይህን ያህል አይተጋበትም ነበር። ሠላሳ አንዱስ ከየት መጡ? ሲያስበው ገባው፤ ባለፈው ዓመት ጉልበቱን አሞት መነሳት ያቃተው ሦስት አራት ቀን ነበር።

«ቀላል ነው፤ ያለፈውን ዓመት አርመህ ላክ» አለች ባለማህተሟ። «በቀን ዘጠኝ ብለህ አባዛው።»

«ያልጻፍኩትን እንዴት እጽፋለሁ?»

«ሠርተኸዋል እኮ!»

«መሥራቴን የሚያሳይ ነገር የለም።»

«ወይ የአንተ ነገር! ሞተህም መሞትህን ማስረጃ ካላየህ አታምንም።»

በቀሩት ቀናት ግን ሊያርም ቆረጠ። ወረቀቱን መቆንጠጫ ባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ አስይዞ፣ እስክሪብቶ በገመድ አስሮ፣ ሰው ሲጠይቀው መጀመሪያ መጫር፣ ከዚያ መነሣት ነው። ለውጤቱ የጓጓ ሰው ያሰበውን አያገኝም። ተማሪዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ የወረቀቱን ሰሌዳ ያነሳል፤ እነሱ ደግሞ ይደነግጣሉ።

«ጋሼ፣ ስሜን ነው የሚጽፉት?»

«አይደለም፣ ጥያቄህን ቀጥል።»

«አይ፣ ግድ የለም... ሽንት ቤት የት ነው?»

ሌላ ዓምድ ላይ ጫረ። እስከ ረቡዕ ረፋድ ድረስ ያጠራቀመው የማጣቀሻ ጭረት ስድስት ነበር፤ አንዷን ባለማህተሟ ራሷ መጥታ ነው የጠየቀችው፤ እሷንም ለምን እንደፈለገችው ሲጠይቃት «አንተን ለማዳን ነዋ፣ ምን ዓይነቱ ነው!» ብላ ስለጮኸች እውነተኛ ጥያቄ አይደለም ብሎ ሰረዛት። አምስት።

ስለዚህ የቀረው መናገር ነው። ረቡዕ በምሳ ሰዓቱ፣ ሳይበላ፣ አራት ገጽ ጻፈ። ወረቀቱ ለምን እንደዋሸ፣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሚፈልገውን እንዳልሆነ፣ ስለ ውሃዋ ልጅም ጭምር። ለባለማህተሟ አነበበላት፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ዓይኗን ጠረገች፤ አራተኛው ላይ «ይኼን ብቻ በል፤ ሌላ ቃል እንዳትጨምር» አለችው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው መጣ። ዳይሬክተሯ፣ ሁለት ዝም ያሉ መምህራን፣ እና ሰብሳቢው፣ የፋይናንስ ኃላፊው። ኃላፊው ረጅም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሲስቅ ያየው የለም ይባላል። ጋሼ ይጠይቁ ከወንበሩ ተነሣ፤ ኮቱን አስተካከለ፤ አራቱን ገጽ ከኪሱ ሊያወጣ እጁን ሰደደ።

ኃላፊው ግን ቀደመው። ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አየና፣ «ይኼ ስፋቱ ስንት ነው?» አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። አሥራ ስምንት ዓመት የለመደ ጆሮ ጥያቄ ሰማ። እጁ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

«ስፋቱን ለምን ፈለጉት?»

«ቦታው ስንት ሜትር እንደሚሆን ለማወቅ ነው።»

«ቦታው ለምን ይፈለጋል?»

ዳይሬክተሯ ቀና አለች። ይኼን ድምፅ ታውቀዋለች። ያኔ ሲያስተምራት የነበረው ድምፅ ነው። ተው እንደማለት ራሷን ነቀነቀች፤ እሱ ግን አላያትም።

«ማተሚያ ማሽኖች» አለ ኃላፊው። «ሦስተኛው ፎቅ ላይ ናቸው። ወረፋው ደረጃውን ዘግቶታል። ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ወደ ታች ማውረድ አለብን፤ በሩ አጠገብ ብለን ነበር፤ የኤሌክትሪክ ሰዎች አልሆነም አሉ። ሁለት ወራችን ነው።»

«እጇ ተሰበረ?» አለ ጋሼ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ጠረጴዛ የሚያስብ ሰው እዚያ አልነበረም። «የበሩ አጠገብ እኮ አቧራ ነው፤ ከሰዓት ፀሐይም ይመታዋል፤ ማሽኑ በስድስት ወር ያረጃል። የኤሌክትሪኩን ነገር የሕንፃው ዋና ሥዕል ላይ አይታችኋል?»

«ሥዕሉ ጠፍቷል ተባልን።»

«አልጠፋም። አንድ ደቂቃ።»

ፈትለክ ብሎ ሄደ። ሥዕሉ መጋዘን ውስጥ ከካርታዎች ጋር ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ለአንድ የምህንድስና ተማሪ ሲፈልግ አግኝቶታል። ይዞት መጥቶ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ አራቱን ጥግ በአንድ መጽሐፍ፣ በእስክሪብቶ ማስቀመጫ፣ በሰሌዳው፣ በራሱ ክርን ያዘው። ኮሚቴው ሁሉ አጎነበሰ።

«ይኼውላችሁ፣ ይኼ ወፍራም መስመር። ሕንፃው ሲሠራ ከባድ ኃይል በወለሉ ሥር ተዘርግቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ለመብራት ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ብትተክሉት ወለል መስበር ነው። መስመሩ ግን ራሱ ብቅ የሚልበት አንድ ቦታ አለ። አየር አለው፤ ፀሐይ አይደርስበትም፤ ከደረጃው ይርቃል፤ ሦስት መሰኪያ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እዚህ። ልክ እዚህ ጋ።»

ጣቱ አረፈች። ወደ ጣቱ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ወደሚገኙት፣ ተማሪዎች ስልክ ሲሰኩባቸው ዓመታት ወደቆዩት ሦስት መሰኪያዎች አየ። ቀና ሲል ከአዳራሹ ማዶ ባለማህተሟ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆማለች።

«ጋሼ...» አለች ዳይሬክተሯ።

ፊቱ የማይፈታው ሰው ግን ፊቱ ተፈታ። «ሁለት ወር የፈለግነውን በሃያ ደቂቃ!» ብሎ የጋሼ ይጠይቁን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። አራቱ ገጾች ኪሱ ውስጥ እንደታጠፉ ኮሚቴው ሥዕሉን ይዞ ወጣ።

ባለማህተሟ መጣችና ከፊቱ ቆመች። «አሁን ይኼንንም አልመዘገብከውም፤ አይደል?»

አልመዘገበውም።

ጠረጴዛው በሳምንቱ ሰኞ ተነሣ። አራት ሰው ሲያነሳው መሳቢያው ያለማንም ቀና ማድረግ ራሱ ተከፈተ። ማሽኖቹ ገቡ። የእሱ ነገር ግን በደብዳቤው ላይ «ለጊዜው በአዳራሹ ይቆይ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ዳይሬክተሯ ከኮሚቴው ጋር ተከራክራ ያገኘችው ይህንኑ «ለጊዜው» ነው። አንድ ወንበር ሰጡት፤ ከማሽኖቹ አጠገብ። ሁለት ቀን ወረቀት ሲሞላና የተቀረቀረ ወረቀት ሲመዝ ዋለ። ራሱን ታዘበ፦ መጋዘን ቢወርድ ኖሮ ቢያንስ መጽሔቶቹ አይንጫጩበትም ነበር። ለሚስቱም «ደረጃዬ አድጓል፣ አሁን ማሽን የማስተዳድር ሰው ነኝ» አላት። ሚስቱ አልሳቀችም፤ ያን ቀን ካልሲውን ሳትጠየቅ አመጣችለት።

ረቡዕ ጠዋት የፋይናንስ ኃላፊው ብቻውን ወረደ። ማሽኖቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ፤ ጥሩ ናቸው አለ፤ ሄደ፤ ከበሩ ተመለሰ።

«ያ የሕንፃው ሥዕል... እዚያ ሌላም አሮጌ ነገር አለ እንዴ?»

«ምን ዓይነት?»

«እንዲሁ። የድሮ መዝገብ ምናምን።»

«የምን መዝገብ?»

«የተማሪዎች ዝርዝር። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚሆን።» ኃላፊው ዓይኑን ከማሽኑ መብራት ላይ አልነቀለም። «ግድ አይደለም፤ ሥራ ካለብዎት...»

«ለምን ፈለጉት?»

ማሽኑ ሦስት ገጽ ተፋ።

«አባቴ እዚህ ተምሬአለሁ ይል ነበር። አንድ ዓመት፤ ከዚያ ቸግሮት አቋረጠ። ባለፈው ዓመት ሞተ። ወንድሞቼ ውሸቱን ነው ይላሉ፤ ሲያወራ የሰሙትም ይስቁበት ነበር። እኔም... እኔም እስቅ ነበር።»

ጋሼ ይጠይቁ ከወንበሩ ተነሥቷል።

«ዝርዝሩ አለ። የተቃጠለ ገጽ አለው፤ ስለዚህ ቃል አልገባልዎትም» አለው። «ግን ያቋረጡትም ለብቻ ይጻፉ ነበር፤ መጀመሪያ ከእነሱ እንጀምራለን። ይምጡ።»

«ጋሼ! ወረቀት አለቀ!» አለ ከኋላ አንድ ተማሪ።

«ባለማህተሟን ጠይቃት!»

ወደ መጋዘኑ በሚያወርደው ደረጃ ላይ ዞር አለ። «እየሄድን ይንገሩኝ፤ የአባትዎ ስም ማን ነበር? ሙሉውን፣ እስከ አያት።»

ረጅሙ ሰውዬ፣ እንደሚፈተን ልጅ ቀጥ ብሎ፣ አንድ በአንድ ነገረው።